ከአገሩ የወጣ ሐውልት መዝገብ አዘገጃጀት፦ ከራፓ ኑይ እስከ ጅማ

ባለፈው የትምህርት ዘመን የምመራው የቅርስ ክበብ ተማሪዎች በክፍላችን የኋላ ግድግዳ ላይ ከወለሉ ተነሥቶ 2 ሜትር ከ42 ሳንቲ ሜትር ላይ የሚቆም አንድ ቀጥ ያለ መስመር በጠመኔ አሰመሩ። ከክበቡ ረጅም የሆነው ልጅ ጫፉን ለመንካት ወንበር ላይ መውጣት አስፈለገው። ከዚያም አንድ ሜትር ያህል ራቅ አድርገው ሁለተኛውን መስመር ጨመሩና በመካከሉ የተንጠለጠለ ከባድ ቅንድብ፣ የረዘመ ጆሮና ሆድ ላይ የተቀመጡ እጆች ሣሉ። ይህ ለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ሙዚየም የቆመው፣ ሆአ ሃካናናይአ የተባለው የድንጋይ ሐውልት መጠን ነው። ክብደቱ 4.2 ቶን ገደማ እንደሆነ ስነግራቸው ሒሳቡን በራሳቸው ሠሩት፤ ባለ 60 ኪሎ ጆንያ ቡና ቢሆን 70 ጆንያ ይወጣዋል። ጅማ ያደገ ልጅ አንድ ጆንያ ቡና ትከሻ ላይ ምን እንደሚያደርግ ስለሚያውቅ ለጥቂት ጊዜ ሁሉም ዝም አሉ። «ቲቸር፣ ታዲያ እንዴት አድርገው ወሰዱት?» ብላ የጠየቀችው አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች።

ጥያቄዋ ተገቢ ነው፤ በዚህ መመሪያም መልስ ያገኛል። ሆኖም ከአገሩ ስለወጣ ቅርስ መዝገብ የሚያዘጋጅ ሰው ከእርሱ አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባ ሌላ ጥያቄ አለ፦ ሐውልቱ ከመወሰዱ በፊት የት ቆሞ ነበር፣ ላቆሙትስ ሰዎች ምናቸው ነበር? ከመወሰዱ ታሪክ የሚጀምር መዝገብ ወሳጁን ዋና ባለታሪክ ያደርገዋል። ከቦታው የሚጀምር መዝገብ ግን ቅርሱን ከባለቤቶቹ ጋር አያይዞ ያቆየዋል። ለዚህም ነው ከዚህ በታች ያለውን አካሄድ በዚህ ቅደም ተከተል ያዘጋጀሁት።

መመሪያው በጅማና በአካባቢዋ ትምህርት ቤቶች የቅርስ ክበብ ለሚመሩ መምህራን የታሰበ ሲሆን በሳምንት አንድ ጊዜ ለሚገናኝ ክበብ የስድስት ሳምንት ሥራ ይሆናል። የሚያስፈልገው አንድ ሜትር፣ ጠመኔ፣ የዓለም ካርታ፣ ሰፊ ወረቀትና ወፍራም ደብተር ነው። የሙዚየሞችን ፎቶግራፍ ለማየት ኢንተርኔት ያለው አንድ ስልክ ይበቃል። ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተጠቀሰ በቀር እዚህ የተጻፉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቦታው መነሣት

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በካርታ ይጀመር። ራፓ ኑይ በሰላማዊ ውቅያኖስ ውስጥ ያለች፣ 163 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት የእሳተ ገሞራ ደሴት ናት። ከ1888 ጀምሮ የቺሊ ግዛት ስትሆን ከቺሊ የባሕር ዳርቻ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ተማሪዎች ከጅማ እስከ አዲስ አበባ ያለውን 350 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በክር ይለኩ፤ ያንን የክር ርዝመት ዐሥር ጊዜ ደግመው በውኃው ላይ ሲዘረጉት የደሴቲቱን ብቸኝነት ከማንኛውም ገለጻ በተሻለ ይረዱታል። የፖሊኔዥያ ባሕረኞች ይህን ውኃ በታንኳ አቋርጠው ደሴቲቱ ላይ ሰፈሩ። አውሮፓውያን የደረሱት ከዘመናት በኋላ ነው። የሆላንዱ ያኮብ ሮገቬን በኤፕሪል 5 ቀን 1722፣ በፋሲካ ዕለት ስለደረሰ «የፋሲካ ደሴት» ብሎ ሰየማት። በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ሁለቱም ስሞች ይጻፉና በእያንዳንዱ ሥር ማን እንዳወጣው ይጠቆም። እኔ ከዚያ ገጽ በኋላ ራፓ ኑይ የሚለውን ብቻ እንዲጠቀሙ አደርጋለሁ።

ቀጥሎ ድንጋዩ ይጠና። በደሴቲቱ ላይ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሞአይ የተባሉ ሐውልቶች ያሉ ሲሆን፣ አብዛኞቹ የተፈለፈሉት ራኖ ራራኩ ከሚባለው የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ፣ ከተጠቀጠቀ የእሳተ ገሞራ አመድ ከተሠራ ለስላሳ ድንጋይ ነው። ጠራቢዎቹ ብረት አልነበራቸውም። መሣሪያቸው ቶኪ የሚባል፣ ከጠንካራ ባዛልት የተሠራ በእጅ የሚያዝ ድንጋይ ነበር። አራት መቶ ያህል ሐውልቶች እስከ ዛሬ ከዚያው ከመፈልፈያው አልወጡም፤ ከመካከላቸው ጀርባው ከዓለቱ ያልተላቀቀ 21 ሜትር የሚደርስ ሐውልት አለ። መድረካቸው ላይ ከቆሙት ትልቁ ፓሮ የሚባለው ነበር፤ ቁመቱ 10 ሜትር ገደማ፣ ክብደቱም ከ80 ቶን በላይ ነው። መድረኩ አሁ ይባላል።

እዚህ ላይ መምህሩ ረጋ ይበል። አብዛኞቹ ሞአይ ጀርባቸውን ለባሕር ሰጥተው ፊታቸውን ወደ መንደሩ ያዞሩ ናቸው፤ የሚጠብቁት ልጆቻቸውን ነውና። የራፓ ኑይ ሰዎች አሪንጋ ኦራ፣ ማለትም ሕያው ፊት ይሏቸዋል። የሞተ ታላቅ ሰው በሐውልቱ አማካይነት ለዘሩ ኃይልና ጥበቃ ይሰጣል ተብሎ ይታመናል። በ1978 አናኬና በተባለው ስፍራ በተደረገ ቁፋሮ ከነጭ ዛጎል ድንጋይ የተሠራ የዐይን ስብርባሪ ከተገኘ በኋላ ሐውልቶቹ ባዶ ጉድጓድ ሳይሆን የሚያይ ዐይን እንደነበራቸው ታውቋል። ተማሪዎች በፎቶግራፍ የሚያዩት ባዶ የዐይን ጉድጓድ የጠፋ አካል ምልክት መሆኑን በመዝገቡ ላይ ያስፍሩ። ከሐውልት ምን እንደጎደለ መመዝገብ ያለውን ከመመዝገብ እኩል አስፈላጊ ነው።

ሆአ ሃካናናይአ ከወንድሞቹ ይለያል። የተሠራው ከለስላሳው ድንጋይ ሳይሆን ከባዛልት ነው። የተገኘውም ኦሮንጎ በሚባለው፣ ራኖ ካው በተሰኘው እሳተ ገሞራ አፋፍ ላይ በተሠራ የሥርዓት መንደር ውስጥ፣ አንድ ዝቅተኛ የድንጋይ ቤት ሆድ ዕቃ ውስጥ በከፊል ተቀብሮ ነው። ፊቱን ያየ ሰው የጥንቱን የአያቶች ሐውልት ያያል። ጀርባውን ያየ ደግሞ ከጊዜ በኋላ የተቀረጹ ሌሎች ሥዕሎችን፣ የወፍ ራስ ያላቸው ሰዎችን፣ የሥርዓት ቀዘፋና የሴት ብልት ምልክቶችን ያገኛል። እነዚህ የታንጋታ ማኑ፣ የወፍ ሰው ሥርዓት ምልክቶች ናቸው። በዚያ ሥርዓት ተወዳዳሪዎች ከገደል ወርደው ሞቱ ኑይ ወደምትባለው ትንሽ ደሴት እየዋኙ የዓመቱን የመጀመሪያ የወፍ እንቁላል ይዘው ለመመለስ ይሽቀዳደሙ ነበር። ስለዚህ አንዱ ድንጋይ የሁለት ዘመን እምነት ተሸክሟል፤ የቀደመው ሥርዓት ሲደክም ሐውልቱ አልተጣለም፣ አዲሱ ሥርዓት ጀርባው ላይ ተጻፈበት እንጂ። ለመዝገቡ ከሁሉ የከበደው መረጃ ይህ ይመስለኛል፤ ከነቤቱ፣ ከነአፋፉ፣ ከነወፎቹ ደሴት ካልታየ ጀርባው ላይ ያለው ጽሕፈት የሚያመለክተው ነገር አይኖርምና። በጀርባው ላይ ቀይና ነጭ ቀለም እንደነበረም ተመዝግቧል።

ተማሪዋ የጠየቀችው የማጓጓዝ ጉዳይ እዚህ ይገባል። የደሴቲቱ አፈ ታሪክ ሞአይ ከመፈልፈያው ወደ መድረካቸው በእግራቸው ሄዱ ይላል። ለረጅም ጊዜ ይህ እንደ ተረት ብቻ ይታይ ነበር። በ2012 ቴሪ ሃንትና ካርል ሊፖ የተባሉ ተመራማሪዎች ከ4 ቶን በላይ የሚመዝን አምሳያ ሠርተው፣ 18 ሰዎች በሦስት ገመድ ይዘው፣ ግራና ቀኝ እያወዛወዙ እንደቆመ ማስኬድ እንደሚቻል በተግባር አሳዩ። ከክፍሉ ጥግ ያለውን ቁም ሳጥን ባዶ ያድርጉና ሁለት ተማሪዎች እያዘነበሉ በጥጉ ያስኬዱት፤ ቤት ሲቀይር ያላደረገው ሰው የለም። በእንጨት ላይ አጋድሞ መጎተት ነው የሚሉ ሌሎች ተመራማሪዎችም ስላሉ የእነርሱም አስተያየት ይመዝገብ። እኔ ግን ለተማሪዎቼ አጥብቄ የምነግራቸው ሽማግሌዎች «ሄደ» ሲሉ ቃሉን እንደ ቃሉ መጻፍ እንደሚገባ ነው።

ከአገራችን ጋር ማነጻጸር ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በጥንቃቄ። በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የጥያ ትክል ድንጋዮች የመቃብር ስፍራ ያመለክታሉ፤ ኮንሶዎችም ዋካ የተባሉ የእንጨት ምስሎችን ለጀግና ሙታን ያቆማሉ። የራፓ ኑይ ብሔራዊ ፓርክ የተመዘገበው በ1995 ነው። ሙትን በቆመ ምስል ማሰብ በየቦታው ለብቻው የበቀለ ልማድ በመሆኑ፣ መመሳሰሉን አይቶ «ከአንድ ምንጭ ናቸው» ብሎ የሚደመድም ተማሪ ካለ ማስረጃውን እንዲያሳይ ይጠየቅ።

ቀኑን ማጣራት

ይህ ክፍል አጭር ቢሆንም ስሕተት የሚበዛበት ነው። የእንግሊዝ የጦር መርከብ ቶፓዝ ሆአ ሃካናናይአን የወሰደው በኖቬምበር 1868 ነው። የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ይዞ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሠውተው፣ የመቅደላ መጻሕፍት፣ ታቦታትና ንዋያተ ቅድሳት በዝሆንና በበቅሎ ተጭነው የወረዱት በዚያው ዓመት በኤፕሪል ነው። በእኛ አቆጣጠር ግን መቅደላ 1860 ዓ.ም.፣ የራፓ ኑይ ሐውልት መነሣት ደግሞ 1861 ዓ.ም. ይሆናል፤ በመካከላቸው አዲስ ዓመት ገብቷልና። ደንቡ ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ አውሮፓውያን ዲሴምበር መጨረሻ 7፣ ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜን 8 መቀነስ ነው። ተማሪዎች ሁልጊዜ 8 ይቀንሳሉ፤ ስለዚህ ሁለቱም አቆጣጠሮች ጎን ለጎን ይጻፉ።

ሁለቱ ክስተቶች የተጋሩት ዓመቱን ብቻ አይደለም። ዛሬ የሆአ ሃካናናይአ ሐውልትና ከመቅደላ የተወሰዱ ቅርሶች፣ ታቦታትም ጭምር፣ በአንድ ሙዚየም ሥር ይገኛሉ። ሐውልቱ ለሕዝብ ሲታይ ታቦታቱ ግን ለእይታ አይወጡም። ይህን ባነበብኩበት ምሽት እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል ማጋነን አይሆንም።

ከቀኑ ጋር አብሮ የሚጠና ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ቀኑ በነበረበት ጊዜ ሕዝቡ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበር ነው። በ1862 እና በ1863 ከፔሩ የተነሡ ባሪያ አዳኝ መርከቦች ወደ 1,500 የሚጠጉ የራፓ ኑይ ሰዎችን ወሰዱ፤ ከመካከላቸው አለቆችና የሥርዓት አዋቂዎች ነበሩበት። ከተወሰዱት የተመለሱት እጅግ ጥቂቶች ፈንጣጣን ይዘው መጡ፤ በሽታውም የቀረውን ሕዝብ ፈጀው። በ1877 በደሴቲቱ ላይ የተቆጠሩት ሰዎች 111 ብቻ ነበሩ። ቶፓዝ የደረሰው በእነዚህ ዓመታት መካከል ነው። ስለዚህ «ሐውልቱን ወደ ባሕሩ ሲያወርዱት የአገሬው ሰዎችም አግዘዋል» የሚለው መረጃ እውነት ቢሆንም፣ ከ1863 ቀጥሎ እንጂ ብቻውን ገጽ ላይ መቀመጥ የለበትም። ዕውቀት ያላቸው ሽማግሌዎቹ በተወሰዱበትና በበሽታ ባለቁበት መንደር «ፈቀዱ» የሚለው ቃል ምን ያህል ክብደት ይሸከማል? ይህን ለውይይት ያቅርቡ፤ መልሱን ግን አስቀድመው አይስጡ።

ግሱን መመርመር

አማርኛችን አድራጊውን የሚደብቅ ምቹ ግስ ሞልቶታል። ተገኘ፣ ተሰበሰበ፣ ተበረከተ፣ ተዛወረ እንላለን፤ ማን አገኘው፣ ማን ሰበሰበው፣ ከማን ላይ ብለን ግን ብዙ ጊዜ አንጠይቅም። ስለዚህ በሦስተኛው ሳምንት ለተማሪዎቼ ራሴ የጻፍኩትን እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር በሰሌዳ ላይ አሰፍራለሁ፦ «ሐውልቱ በ1868 ተሰበሰበ፤ በ1869 ለሙዚየሙ ተበረከተ።» ሥራቸው እያንዳንዱን ግስ ወደ አድራጊ ግስ መለወጥና ባለቤቱን መጻፍ ነው።

ሲጨርሱ የሚወጣው ይህን ይመስላል፦ በኮሞዶር ሪቻርድ አሽሞር ፓወል የሚመራው የቶፓዝ መርከብ ባሕረኞች ሐውልቱን ኦሮንጎ ላይ ከቆመበት የድንጋይ ቤት አወጡት፤ ቁልቁል ጎትተው ወደ ባሕር ሲያወርዱትና በውኃ ላይ ወደ መርከቡ ሲያደርሱት ቀይና ነጭ ቀለሙ ታጠበ፤ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ለንግሥት ቪክቶሪያ አቀረበው፤ ንግሥቲቱም በ1869 ለብሪታንያ ሙዚየም ሰጠችው። አንድ መስመር የነበረው አራት መስመር ይሆናል፤ ባለቤት ያልነበራቸው ሁለት ግሶችም ሦስት ባለቤቶችና አንድ የጠፋ ቀለም አወጡ። ቀጥሎ ተማሪዎች ያላገኙት አድራጊ ማን እንደሆነ ይጠየቁ። በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንድም የራፓ ኑይ ሰው ግስ አልያዘም። ከእነርሱ የቀረው ስሙ ነው፤ ሆአ ሃካናናይአ «የተሰረቀ ወይም የተደበቀ ወዳጅ» ተብሎ ይተረጎማል። ስሙም ምስክር ነውና በመዝገቡ ላይ ከምስክሮች ተራ ይግባ።

የጽሑፍ ምስክሮችም በሁለት ይከፈሉ። ከወሳጆቹ ወገን የቶፓዝ መርከብ ሐኪም የነበረው ጆን ሊንተን ፓልመር ያየውን ጽፏል፣ ሥሏልም። ከአርባ ዓመታት በላይ ካለፉ በኋላ፣ በ1914 እና በ1915 በደሴቲቱ የተቀመጠችው ካትሪን ራውትሌጅ ደግሞ የቀድሞውን ሥርዓት የሚያስታውሱ ሽማግሌዎችን እየጠየቀች መዘገበች። ሁለቱም የእንግሊዝ ሰዎች ናቸው፤ ልዩነታቸው ሁለተኛዋ መጠየቋ ነው። ተማሪዎች ለእያንዳንዱ መረጃ በጠርዙ ላይ «ያየ»፣ «የጠየቀ» ወይም «የሰማ» ብለው ቢጽፉ መዝገቡ ለሚቀጥለው አንባቢ ይታመናል።

ዛሬ የት እንዳለና የተመለሰውን መከታተል

ሆአ ሃካናናይአ ብቻውን አልሄደም፤ ቶፓዝ ሞአይ ሃቫ የተባለ ትንሽ ሐውልትም ወስዷል። በ1872 ላ ፍሎር የተባለችው የፈረንሳይ መርከብ የአንድ ሞአይ ራስ ወደ ፓሪስ ወሰደች። በ1886 ሞሂካን የተባለችው የአሜሪካ መርከብ ወደ ዋሽንግተን ያመጣችው ሐውልት በስሚዝሶኒያን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይገኛል። የፈረንሳይና የቤልጅየም የጋራ የጥናት ጉዞ ደግሞ በ1930ዎቹ አጋማሽ ፖው ሃካኖኖንጋ የሚባለውን ሐውልት ወስዶ ብራስልስ አቁሞታል። በዓለም ካርታው ላይ ከራፓ ኑይ ወደ እያንዳንዱ ከተማ ክር ይዘርጋ፤ ክሩ ላይ ዓመቱና የመርከቡ ስም ይንጠልጠል።

አንድ ክር ግን ቀለሙ ሌላ ይሁን፤ ይህ ወደ ደሴቲቱ የሚመለሰው ነው። ሞአይ ታው የሚባለውን 715 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሐውልት የቺሊ ባሕር ኃይል በ1870 ወስዶት በሳንቲያጎ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ለረጅም ዘመን ከቆየ በኋላ በ2022 በመርከብ ወደ ራፓ ኑይ ተመልሷል። ኖርዌይ የሚገኘው የኮን ቲኪ ሙዚየምም በቶር ሄየርዳል ጉዞዎች የተወሰዱ አፅሞችንና ዕቃዎችን ለመመለስ በ2019 ተስማምቷል። ከእኛ በኩል በ1937 ወደ ሮም የተወሰደው፣ 24 ሜትር ቁመት ያለው የአክሱም ሐውልት በ2005 ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመልሶ በ2008 ዳግም ቆሟል። የአክሱሙ ሐውልት ክብደት ከ150 ቶን በላይ ስለሆነ «ከባድ ነው፣ አይንቀሳቀስም» የሚለው ምክንያት ክፍል ውስጥ ሲነሣ ይህን ቁጥር ማስታወስ ይበቃል።

ሆአ ሃካናናይአ እስከ ዛሬ ለንደን ነው። በኖቬምበር 2018 የራፓ ኑይ ልዑካን ወደ ሙዚየሙ ሄደው እንዲመለስ ጠየቁ። የዚያን ጊዜ የደሴቲቱ አስተዳዳሪ ታሪታ አላርኮን ራፑ በዕንባ ሆነው፣ ሐውልቱ የሕዝባቸው ነፍስ እንደሆነና እነርሱ ያለ እርሱ አካል ብቻ መሆናቸውን ተናገሩ። ቤኔዲክቶ ቱኪ የተባሉ የደሴቲቱ ቀራፂም በምትኩ አምሳያ ቀርፀው ለመስጠት ሐሳብ አቀረቡ። ሙዚየሙ ከስብስቡ ዕቃ በቋሚነት እንዳይሰጥ የሚገድበው የ1963 የእንግሊዝ ሕግ አለ። መከራከሪያው በጽሑፍ ሲቀመጥ ይህ ሕግ፣ ሐውልቱን በለንደን በየዓመቱ ሚሊዮኖች እንደሚያዩት የሚነሣው ሐሳብ፣ እንዲሁም በደሴቲቱ ላይ ያሉት ለስላሳ ሐውልቶች በዝናብና በነፋስ እየተበሉ መሆናቸውና በ2022 በራኖ ራራኩ የተነሣው ቃጠሎ ያደረሰው ጉዳት አብረው ይጻፉ። ከራፓ ኑይ ሰዎች ውስጥም ከመመለሱ ይልቅ ለቀሩት እንክብካቤ የሚሆን ድጋፍ ቢገኝ ይሻላል ያሉ አሉ። እኔ በበኩሌ ሐውልቱ መመለስ እንዳለበት አምናለሁ። እምነቴን ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ግን የራሳቸውን ጽፈው ከጨረሱ በኋላ ነው።

መዝገቡን ወደ ጅማ ማምጣት

የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ለቤት ናቸው። ክበቡ ከከተማው መሃል 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ጅሬን ኮረብታ ላይ ወደሚገኘው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ቢወጣ፣ ከዚያም የጅማ ሙዚየምን ቢጎበኝ፣ በእያንዳንዱ ዕቃ ፊት ሲቆም የሚጠይቀው ጥያቄ ተዘጋጅቶለታል፦ መጀመሪያ የት ነበር፣ ማን ተጠቀመበት፣ ማን አመጣው፣ ምን ጎድሎታል? ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ዕቃዎች እዚሁ ከተማ መቆየታቸው ለተማሪዎች ትልቅ ዕድል ነው፤ ዕቃውንና ኮረብታውን በአንድ ቀን ያያሉ። የራፓ ኑይ ልጆች ለሆአ ሃካናናይአ ይህን ማድረግ አይችሉም።

ከዚያ እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ አንድ ዕቃ ይመዝግብ። አያቴ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ነበራቸው። ከሠርጋቸው ጀምሮ ምድጃ አጠገብ የተቀመጡበት በመሆኑ መቀመጫው በልብሳቸው ተፈትጎ እንደ ተወለወለ ቀንድ ያብረቀርቅ ነበር። እኔ ልጅ ሳለሁ ቤት ለቤት እየዞረ አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው መጣና ቤተሰቡ ሸጠለት። ዛሬ የቀረኝ አንድ ፎቶግራፍ ነው፤ በእርሱም ላይ በአያቴ ቀሚስ ጫፍ ሥር አንድ እግሩ ብቻ ይታያል። ማን እንደጠረበው፣ እንጨቱ ዋንዛ ይሁን ሌላ፣ ከየትኛው መንደር እንደመጣ የሚነግረኝ ሰው የለም። አንድ ቀን በአንድ መደርደሪያ ላይ ባየው እንኳ የእኛ ነው ብዬ የማሳይበት አንዳች ጽሑፍ በእጄ የለም።

ስለዚህ ዕቃው በቀን ብርሃን ከፊት፣ ከኋላና ከሥሩ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ አጠገቡ ማስመሪያ ይቀመጥ። ቁመቱና ስፋቱ በሳንቲ ሜትር ይጻፍ፤ ስንጥቅ፣ ጥገናና የቃጠሎ ምልክት ካለ በሥዕል ላይ ይጠቆም፤ ሁለት የሚመሳሰሉ በርጩማዎችን የሚለያቸው ይህ ነውና። ባለ ዕቃዋ እማማ በአፋን ኦሮሞ የሚጠሩበት ስም እንደተናገሩት ይጻፍ፤ ትርጉሙ ከጎኑ ይሁን እንጂ በቦታው አይተካ። ተማሪው «እማማ፣ ይህን ለክበባችን ልጽፈው ይፈቅዱልኛል?» ብሎ ይጠይቅ፤ «አይሆንም» ካሉ ደብተሩን ይዝጋና ያመስግን። የሃይማኖት ዕቃ ከሆነ ደግሞ ከጅምሩ አይነካ፣ ፎቶግራፍም አይነሣ። ዕቃው ያለበት ቤት አድራሻ በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በፍጹም አይለጠፍ፤ ገዢና ሌባ የሚያነቡት እዚያ ነው። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ዓ.ም. የተከለከለ መሆኑንም ቤተሰቡ እንዲያውቅ ያድርጉ።

መዝገቡ በእስክሪፕቶ በሁለት ቅጂ ይጻፍ። የጅማ ክረምት እርጥበት ወረቀት ስለሚያሻግት አንደኛው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ሁለተኛው ለባለ ዕቃዋ ይሰጥ። ከመስጠቱ በፊት ተማሪው ጮክ ብሎ ያንብብላቸው። ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ ሲያነብ እናቲቱ በሦስተኛው መስመር ላይ አስቆሙት፤ በርጩማውን ያመጣው ባለቤታቸው ሳይሆን ወንድማቸው ነበር። ልጁ ሰርዞ አስተካክሎ፣ ያረመችው ማን እንደሆነችና የታረመበትን ቀን በጠርዙ ላይ ጻፈ።